ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው

«ካቻቢቴውን ለፕሮፍ አቀብያት» አለች እናቷ።

ቃሪያ ካቻቢቴውን እንደያዘች ቀረች። የኮምፒውተሩን ሳጥን ብሎኖች አንድ በአንድ የፈታችው እሷ ናት። ሦስቱ እሺ ብለው ወጥተዋል፤ አራተኛው ዝጎ ስለነበር መዳፏ እስኪቀላ ታግላ ነው የነቀለችው። ክዳኑ ተነስቶ ዋናው ሥራ ሲመጣ ነው እንግዲህ ካቻቢቴው ወደ ሌላ እጅ ይሂድ የተባለው።

«እኔም እኮ እችላለሁ።»

«ማን አትችይም አለሽ? ግን እሷ ናት የተነገራት። አቀብያት።»

አቀበለቻት። አቀበለቻት ከማለት ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው ቢባል ይቀርባል።

«አመሰግናለሁ» አለች ፕሮፍ። ይሄ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሲወረውሩባት እንኳ ታመሰግናለች።

ፕሮፍ የአክስቷ ልጅ ናት። እነሱ ቤት ሆና ልትማር ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። በሳምንቷ ክፍሉ በሙሉ «ፕሮፍ» አላት፤ ወር ሳይሞላት ቤቱም ተከተለ። ቃሪያን ቃሪያ ያሰኛት ደግሞ መልኳና አመሏ ነው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲነኳት የምታቃጥል። ሁለቱም አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፤ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ጠዋት ጠዋት ፕሮፍ ብርድ ልብሷን አራት ማዕዘን አድርጋ ታጥፋለች። ድሮ የቃሪያን ብርድ ልብስ ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። አሁን ከጎኑ የታጠፈ ስላለ ያልታጠፈው ከበር ጀምሮ ይታያል።

ይሄስ ባልከፋ። ፕሮፍ የቃሪያን እናት «እቴቴ» እያለች፣ ያውም በአንቱታ ነው የምታናግራት። «እቴቴ ይቀመጡ፣ እኔ አመጣዋለሁ።» እናቷ «ኧረ ወዲያ፣ አታስረጂኝ!» ትላለች እንጂ ፊቷ ላይ ፀሐይ ይወጣል። ቃሪያም አንድ ቀን ልሞክረው ብላ «እማዬ፣ ይቀመጡ» ብትላት፣ እናቷ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ምን ሰብረሽ ነው?» አለቻት።

እናቷ ጥልፍ ጠላፊ ናት። የቤቱን ሰፊ ክፍል የያዘው ባለ ስድስት መርፌው የጥልፍ ማሽን ነው፤ ሰው የሚኖረው በተረፈው ነው። ንድፉን የሚልከው ይሄ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ማሽኑ ተቀብሎ ይጠልፋል። የማሽኑ ገመድ ከአዳዲስ ኮምፒውተሮች ጋር አይገጥምም። ስለዚህ አሮጌው ሲታመም ይታከማል እንጂ አይቀየርም። ውስጡ የእናቷ የዘጠኝ ዓመት ሥራ አለ፤ የአሥራ አራት ትምህርት ቤቶች አርማ፣ የኳስ ቡድኖች ስም፣ የነርሶች የደረት ኪስ ጽሑፍ። ሁሉንም ነጥብ በነጥብ፣ ዓይኗ እያነባ፣ ራሷ ናት የሠራችው። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ኮፒ የለም። «ለምን?» ሲሏት «ቤቴ እያለ የት ላስቀምጠው?» ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። የኮምፒውተር ጠጋኙ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና «ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሃርድ ዲስኩ ነው ሊሞት ያለው» አለ። «በሕይወት እያለ ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ከሞተ በኋላ ግን እኔን አትጥሩኝ፤ ቄስ ጥሩ።»

እሱ በማግሥቱ ለሥራ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ሁለት ሳምንት አይመለስም። ዲስኩ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። የሚጠለፍባቸው ሦስት መቶ የተማሪ ሹራቦችም ግድግዳውን ተደግፈው ጣሪያ ሊነኩ ነው፤ በአሥር ቀን ማለቅ አለባቸው። ስለዚህ ጠጋኙ ካሮጌ ዕቃዎቹ መሀል ልኩ የሆነ ዲስክና አንድ ሲዲ አመጣና አሠራሩን አስረዳ። ያስረዳው ለፕሮፍ ነው። ቃሪያን የወተት ጥርሷ ሲወልቅ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው፣ እሷን አልፎ! ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፣ ሁለቱንም ፕሮፍ ቀድማ መለሰች፣ በቃ፤ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ቃሪያም ሁለተኛውን ታውቀው ነበር። ምላሷ ላይ ነበር።

«እሺ» አለች ፕሮፍ አሁን፣ ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክካ። «መብራቱ ተነቅሏል። መጀመሪያ ብረቱን እንነካለን፤ ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው።»

«እኔም ልንካ?» አለች እናቷ።

«ይንኩ እቴቴ፣ ምንም አይልም።»

እናቷ ነካችና ሳቀች። ቃሪያ ስትነካ ማንም አላየም።

ፕሮፍ ዲስኩን የያዙትን ብሎኖች ፈታች፤ ሁለቱን ገመዶች ነቀለች፤ ዲስኩን ስባ አወጣችው። ጡብ የመሰለ፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ብረት ነው። ክር ባለበት ቤት ብናኝ አይጠፋምና ዲስኩ ግራጫ ጠጉር አብቅሏል።

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች እናቷ። «ይሄን ተሸክሞ ነው የኖረው?» ከትከሻዋ ላይ መወልወያ ጨርቋን አወረደች። ሳትወለውል ጠረጴዛ ላይ የምታሳርፈው ነገር የለም። ዲስኩን አገላብጣ፣ ጥግ ጥጉን በጣቷ እየጫነች፣ መስታወት እስኪመስል ጠረገችውና መሬት የተነጠፈ ካርቶን ላይ አስቀመጠችው። ከጎኑ ጠጋኙ ያመጣው ዲስክ አለ። እነሱ «አዲሱ» ይሉታል እንጂ እሱም ከሌላ አሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ባዶ ዲስክ ነው። አንድ ዓይነት ስሪት፣ አንድ ዓይነት መጠን። መንትያ ናቸው።

እናቷ እሱንም ልትወለውል እጇን ስትዘረጋ ስልኳ ጮኸ።

«ቃሪያ» አለች ፕሮፍ፣ ሰፊውን ጠፍጣፋ ገመድ እያስተካከለች። «ከዲስኮቹ ኋላ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ቆብ አለች፣ ታየችሽ? ለኮምፒውተሩ የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ሁለተኛ እንደሆነ የምትነግረው እሷ ናት። አሁን ሁለቱም አንደኛ ነኝ ነው የሚሉት፤ እንደዚህ ከሆነ አይግባቡም። በወረንጦ ነቅለሽ ሁለተኛው ቦታ ላይ ሰኪልኝ። የአዲሱን ነው፣ የድሮውን እንዳትነኪ።»

ቃሪያ «ሰኪልኝ» የሚለውን ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ግን «የአዲሱን» ከምትለው ቃል በቀር አልሰማችም፤ ጆሮዋ ወደ እናቷ ሄዶ ነበር።

«ኧረ ምንም አያስቡ» ትላለች እናቷ፣ ለሹራቦቹ ባለቤት፣ ለትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ። «በቀኑ ይደርሳል። ኮምፒውተሩን አሁን የእህቴ ልጅ እየሠራችው ነው። … አዎ፣ ልጅ ናት። ልጅ ናት ግን ጭንቅላቷ! እንደው ከማን እንደወረሰችው እንጃ።»

የእህቴ ልጅ። ቃሪያ ፊደል ሳትቆጥር ክር መቁጠር የጀመረች ልጅ ናት። በዓይኗ ብቻ ሰባቱን ሰማያዊ ክሮች ትለያለች። ስድስት መርፌ ስትሰካ አንድ አትስትም። ይሄን ግን ማንም በስልክ ለማንም ነግሮ አያውቅም። ወረንጦውን አነሳችና ካርቶኑ ላይ ወዳሉት ሁለት ዲስኮች ጎንበስ አለች። አንዱ አቧራ የጠገበ ነው። ሌላው ያብለጨልጫል።

አዲስ ማለት የሚያብለጨልጭ ነው። የሚያብለጨልጨውን አነሳች።

የብሎን ቀዳዳው ውስጥ አንዲት አጭር ሰማያዊ ክር ተወትፋለች፤ በወረንጦው ሳበቻትና ቀሚሷ ላይ ጣለቻት። ከዚያ ቆቧን ነቀለች፤ ሁለተኛው ቦታ ላይ ሰካቻት። ቀና አለች።

«ጨረስሽ?»

«ምን ያስቸግራል!»

ፕሮፍ ሁለቱንም ዲስኮች ሳታነሳ እዚያው ካርቶኑ ላይ በሰፊው ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዘቻቸው፤ ሲዲውን ከተተች፤ መብራቱን ሰካች። ከዚያ የቃሪያ እናት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እናቷ «ተቀመጪ እንጂ፣ ቆመሽ ነው የምትሠሪው?» ብላ ራሷ ነች የጎተተችላት።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ። ሁለት መስመር ወጣ። አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ቁጥር፤ ልዩነታቸው ከፊታቸው ያለው አንድና ሁለት ብቻ ነው።

«አይቷቸዋል!» አለች ፕሮፍ። «ሁለቱንም አይቷቸዋል!»

እናቷ አጨበጨበች። «የኔ ብልህ!»

ያ ቃል የቃሪያ ነበር። ከሦስት ወር በፊት በዚህ ቤት «የኔ ብልህ» ሲባል ቀና የምትል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ቃሪያ ዓይኗን ከስክሪኑ ነቅላ ወደ ቀሚሷ አወረደች። ክሯ እዚያው ተለጥፋለች። ሰማያዊ፣ የጥልፍ ክር።

የጠጋኙ ዲስክ እዚህ ከመምጣቱ በፊት ክር ካለበት ቤት ገብቶ አያውቅም።

በሁለት ጣቷ አነሳቻት። ክሯ የመጣችው ከድሮው ዲስክ ነው። የሚያብለጨልጨው የድሮው ነው፤ ያብለጨለጨው እናቷ ስለወለወለችው ነው። ቃሪያ ቆቡን የቀየረችው የድሮውን ነው። ስለዚህ አሁን ኮምፒውተሩ አንደኛ የሚለው ባዶውን፣ ሁለተኛ የሚለው ደግሞ የዘጠኝ ዓመቱን ሥራ የያዘውን ነው።

«ከየትኛው ልገልብጥ ይላል» አለች ፕሮፍ ለእናቷ እያነበበች። «ከአንደኛው። ወደ የትኛው? ወደ ሁለተኛው።» ጣቷ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገ።

ባዶው ሙሉው ላይ ሊገለበጥ ነው።

«ፕሮፍ…» አለች ቃሪያ።

«እሽ!» እናቷ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ይሄ የዚህ ክፍል ሕግ ነው፤ መርፌ ሲሮጥ አፍ አይከፈትም፤ ማሽን ላይ የተቀመጠ ሰው አይነካም። ሹራብ ላይ አርማ የተንጋደደው ሁልጊዜ አንድ ሰው ስላወራ ነው፤ እንደ እናቷ አባባል።

ቃሪያ አፏን ዘጋች።

ዝም በይ ተባለች። ራሷ እናቷ ናት ዝም በይ ያለቻት። ነገ «ልናገር ስል እሽ አልሽኝ» ብትል እውነት ነው። ቆብ ምናምን የሚባል ነገር እናቷ አታውቅም። እናቷ የምታውቀው ማን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠና ማን ቁልፉን እንደተጫነ ነው። ሐሳቡ እያሳሳቀ እንደ ውሃ ወሰዳት። ንድፉ ሁሉ ሲጠፋ ታየት። እናቷ ፕሮፍን በዚያ፣ ቃሪያ ብቻ በምታውቀው ዓይኗ ስታያት ታየት። ያ የታጠፈ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ሻንጣ ላይ ታስሮ፣ በመጣበት ሲመለስ ታየት። አልጋው ሰፊ ይሆናል።

ስክሪኑ ላይ ቀይ ሳጥን ብቅ አለ።

«ደግሞ ምን አለ?» አለች እናቷ።

«ሁለተኛው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ? ይላል።»

«ይጥፋ! ባዶ አይደል እንዴ?»

ፕሮፍ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ አንገቷን ወደ ኋላ መለሰች። «ቃሪያ፣ ቆቧን አዛውረሻታል አይደል?»

አዎ ብትል ውሸት አይደለም። አዛውራታለች።

እናቷ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ስክሪኑን ታያለች። የተጻፈው አይገባትም፤ ግን ታያለች። መጀመሪያ ፕሮፍን፣ ቀጥሎ ቃሪያን አየችና «ንገሪያት እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አለች። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱንም አምና ነው የቆመችው።

«አዎ» አለች ቃሪያ። «የድሮውን ነው ያዛወርኩት። እጅሽን አንሺ።»

ፕሮፍ እጇን ከእሳት እንደነካ ሰው አነሳች።

«ምን ሆነ?» አለች እናቷ።

«እኔ ነኝ። የአዲሱን አስተካክይ ብላኝ የድሮውን አዛወርኩ። ሊጠፋ ነበር። ሁሉም።»

«ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

«እንግዲያው ምን አፍጥጣችሁ ትተያያላችሁ? አስተካክሉትና ቀጥሉ። እኔ ሹራቦቹን ልቁጠር።» ወጣች። ከበሩ ማዶ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ተሰማ።

ቃሪያ በሩን እያየች ቀረች። ለቁጣ እንኳ አልበቃችም!

ፕሮፍ ከወንበሩ ወርዳ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ነጥቷል። ሁለቱን ዲስኮች አየች፤ አቧራማውን በጣቷ ነካች፤ ጣቷን አየች። «ወይኔ» አለች። «እኔም አላየሁም። ከመግጠሜ በፊት ማየት ነበረብኝ።»

«አሁን ምን እናድርግ?»

«ምንም። ቆቧን አንነካትም። ከሁለተኛው ወደ አንደኛው ገልብጥ ነው የምለው፣ በቃ። እንዲያውም ሲያልቅ አዲሱ አንደኛ ሆኖ ይጠብቀናል፤ አንድ ሥራ ቀነስሽልኝ።» ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ አልወጣላትም።

ተነስታ መረጠች፤ ቃሪያን አጠገቧ አቁማ ሁለቴ አስነበበቻት፤ ተጫነች። አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ከግራ ጠርዝ ተነሳ። የድሮው ዲስክ ካርቶኑ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ማስረከብ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል ይላል።

አሥር ደቂቃ ያህል መስመሩን አዩ።

«ዝም ብትይ ኖሮ አጠፋች የምባለው እኔ ነበርኩ» አለች ፕሮፍ።

«አውቃለሁ።»

«አስበሽው ነበር?»

ቃሪያ ጥፍሯን ነከሰች። «ትንሽ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«እስከ ቀዩ ሳጥን ድረስ።»

«ትንሽ አይደለም እሱ!»

«ታዲያ አንቺስ ለምን ትካበጃለሽ? እቴቴ ይቀመጡ፣ እቴቴ ይነሱ። በጠዋት ተነስተሽ ብርድ ልብስ በማስመሪያ የምታጥፊ! ሰው መሆን ሰልችቶሽ ነው?»

ፕሮፍ የቀሚሷን ጫፍ ስታጥፍና ስትፈታ ቆየች። «አንቺ ምንም ባትሠሪ ልጇ ነሽ» አለች በመጨረሻ። «ብርድ ልብስሽን በመስኮት ብትወረውሪው ልጇ ነሽ። እኔ ካልሠራሁ ምንድን ነኝ? ሰው ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆኖ አይዘልቅም።»

ይሄን ሰምታ የቃሪያ ቅናት እንደ ጉም በነነ ብል ውሸቴን ነው። «የኔ ብልህ» አሁንም ጉሮሮዋ ላይ እንደ አሣ አጥንት ተሰንቅሯል። ብቻ እስካሁን ፕሮፍ ይሄን ያህል የምትፈራ አልመሰላትም ነበር።

መስመሩ ሊያልቅ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው እናቷ ከውጭ ተጣራች። «ማነሽ፣ ነጭ ክር አልቋል! አንዳችሁ ሮጥ በሉ!»

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ፕሮፍ፣ እንደልማዷ። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ብቻውን እንዳትተዪው እሺ?»

ቃሪያ ብቻዋን ቀረች። ቀጭ ቀጩ ለየት ባለ ቁጥር ወደ ካርቶኑ ትጎነበሳለች። መስመሩ ቀኝ ጠርዝ ደረሰ፤ ቆመ። ስክሪኑ ላይ አጭር ጽሑፍ ወጣ። ሁለቴ አነበበችው፤ ሁሉም ያለ እንከን ተገልብጧል ይላል።

የቀረውን ታውቀዋለች። ማጥፋት፣ መብራቱን መንቀል፣ የድሮውን ማላቀቅ፣ አዲሱን ቦታው አስገብቶ በብሎን ማሰር። ከዚያ ማብራት። ማብራት ብቻ። አጠፋች፤ ነቀለች፤ አላቀቀች። አዲሱን ከማስገባቷ በፊት አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና ብሎኖቹን አጥብቃ አሰረች። ክዳኑን ገጠመች። ሁሉንም በራሷ እጅ።

መብራቱን ሰካች። ጣቷን ማብሪያው ላይ አደረገች።

እናቷ ከበሩ ማዶ ናት፤ ድምፅ ስትሰማ ሮጣ የምትመጣ ናት። አሁን ብትጫነው፣ ንድፎቹ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሲደረደሩ እናቷ ስትገባ አጠገቡ የምታገኘው ቃሪያን ነው። ማንንም አታታልልም፤ ሠርታበታለች እኮ። አሁን ያሰረችው እሷ ናት። ማብሪያዋ ክብ ናት፣ መሀሏ በጣት ብዛት ጎድጉዷል። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው የአንድ ትንፋሽ ያህል ጉልበት ነው።

የውጭው በር ሲጢጥ አለ። የፕሮፍ እርምጃ ነው፤ እየሮጠች ነው የመጣችው፣ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል።

ቃሪያ ጣቷን አነሳች። ወደ በሩ ሄደች።

«እማዬ!» ብላ ተጣራች። «እማዬ፣ ነይ። ፕሮፍ ልታበራው ነው።»

ከዚያ ፕሮፍ እንድታልፍ በሩን ለቀቀችላት።